ቬፕ ለምትጠቀሙ፦ ኮይልና ቮልት የሚገባው ባለሙያ ልጠቁማችሁ

ይሄን ልጅ ሳላመሰግን ማለፍ አልፈልግም። የቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ዕቃ ይጠግናል፣ ኮይልም ይሸጣል፤ ኮይል ማለት ጥጡ የያዘውን ፈሳሽ አግሎ እንፋሎት የሚያደርገው የሽቦ ጥቅልል ነው። የኔ ባትሪ ቮልቱ ከፍና ዝቅ የሚል ዓይነት ነው፤ ለአዲሱ ኮይል ስንት ላይ ላድርገው ብዬ ጠየቅኩት። ሌላው ቢሆን «መሃል ላይ አድርገው» ብሎ ይሸኘኝ ነበር። እሱ ግን ኮይሉን ከማሸጊያው አውጥቶ ጎኑ ላይ በደቃቃ የተጻፈውን አሳየኝ፦ 1.2 ኦም (ሽቦው ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መጠን)፣ ከ10 እስከ 13 ዋት (የሚሠራበት ኃይል)። በጽሑፉ ብቻም አላመነም፣ በመለኪያ ለካው። ልክ ነበር።

ቀጥሎ ወረቀት አወጣ። ቮልቱን በራሱ ታባዛዋለህ፣ ለኦሙ ታካፍለዋለህ፣ የሚመጣው ዋት ነው አለኝ። 3.5 ቮልት ላይ 10 ዋት ገደማ ይመጣል፣ 3.9 ላይ ደግሞ ከ13 ትንሽ ያንሳል። ለዚህ ኮይል መጫወቻው በነዚህ መሃል ነው ማለት ነው። 4.8 ቢደረግ ግን 19 ዋት ይገባል፤ ፈሳሹ ደርሶ ጥጡን ሳያርሰው ሽቦው ይግላል፣ ጥጡም ያርራል፣ ያ ጉሮሮ የሚቧጥጠው የእርር ጣዕም የሚመጣው ከዚህ ነው። ነገሩ የጣዕም ብቻ አይደለም። ፈሳሹ ከልክ በላይ ሲግል እንደ ፎርማልዲሃይድ ያሉ መርዛማ ነገሮች ይወጣሉ።

አንድ ቮልት ለሁሉም ኮይል እንደማይሆንም በደንብ አስረዳኝ። ያው 3.7 ቮልት 1.2 ኦም ላይ 11 ዋት ገደማ ነው፣ 0.6 ኦም ላይ 23 ይጠጋል። ከባትሪው የሚሳበው ከረንትም (የኤሌክትሪክ ፍሰቱ) ከ3 ወደ 6 አምፔር እጥፍ ይሆናል፣ ባትሪው ያን መሸከም ካልቻለ ደግሞ አደጋ ነው። አጠገቤ የነበረ ደንበኛ ቮልት መቆጣጠሪያ ለሌለው ዕቃ 0.15 ኦም ኮይል ሲጠይቀው «መጀመሪያ ባትሪህን አሳየኝ» አለው። የሞላ ባትሪ 4.2 ቮልት ነው፣ በዚያ ኮይል 28 አምፔር ይሳባል። ባትሪውን አየና አልሸጥልህም አለው! ገበያውን በገዛ እጁ መለሰ። እኔ እንደዚህ ዓይነት ሰው ነው የማምነው።

ለማያጨስ ሰው ቬፕ ጀምር እያልኩ አይደለም፣ በፍጹም። አስቀድሞ ለሚጠቀም ግን ይሄ ልጅ ወርቅ ነው። አዲስ ኮይል ስትገጥሙ ጥጡን በፈሳሹ አርሳችሁ አሥር ደቂቃ ያህል ቆዩ፣ ከዝቅተኛው ቮልት ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ ይላል።

የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ባትሪውንም ይዛችሁ ሂዱ፣ አሳዩኝ ማለቱ አይቀርም።