የሙግት ሰነድ ለውጭ ድርጅት ሰጥተን ያየነው፦ እንግሊዝኛው ላይ አንበሳ፣ አማርኛው ላይ ጀማሪ

ቨርጂኒያ ውስጥ ቡናና የአገር ቤት ምግብ የሚያስመጣ ኩባንያ የሕግ ክፍል ውስጥ ፓራሊጋል፣ ማለትም የጠበቃ ረዳት፣ ነኝ። የሕግ ክፍል ስል ፎቅ የሞላ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ኃላፊ፣ አንድ ጠበቃና እኔ ነን። ከአንድ አከፋፋይ ጋር በነበረን ክርክር የማስረጃ ሰነዱን ሥራ፣ ማለትም ኢሜይሉንና የስልክ መልእክቱን ሰብስቦ፣ አጣርቶ፣ አስነብቦ ለተቃራኒ ወገን ማስረከቡን፣ እንዲህ ዓይነት አገልግሎት ለሚሸጥ ድርጅት ሰጠነው። ስማቸውን አልጠራም፣ የክርክሩንም ዝርዝር አልነካም። ግን ሰነዳቸው ግማሹ አማርኛ የሆነ ብዙ ወገኖች እዚህ አገር ስለሚነግዱ ያየሁትን ልጻፍላቸው። ፍርዴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ የማሽኑን ሥራ ስጧቸው፣ የአማርኛውን ንባብ ግን ከእጃችሁ አታውጡ።

ለምን ራሳችሁ አልሠራችሁትም ለምትሉ፣ ክርክሩ የነበረው አሌክሳንድሪያ ባለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። ጠበቆች ፍጥነቱን አይተው "ሮኬት ዶኬት" ይሉታል። ተቃራኒ ወገን ይህን ይህን ሰነድ አምጡ ሲል መቃወሚያ ካላችሁ በ15 ቀን ውስጥ ነው የምታቀርቡት። ሰነድ ማለት ደግሞ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ብቻ አይደለም። የፌዴራሉ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ ከ2006 ወዲህ (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) በኤሌክትሮኒክስ የተቀመጠ መረጃን በስሙ ጠርቶ አስገብቶታል። ኢሜይሉ፣ ኤክሴሉ፣ ዋትስአፑ፣ የአዲስ አበባ ቢሯችን ልጆች የሚጻጻፉበት ቴሌግራም፣ ሁሉም ይጠየቃል። ተቃራኒውን ለመጉዳት ብሎ መልእክት ያጠፋ ሰው ደግሞ በ2015 በተሻሻለው ደንብ 37(ኢ) መሠረት ዳኛው ለጁሪው "የጠፋው ነገር ለእነዚህ ሰዎች የማይበጅ ነበር ብላችሁ ውሰዱት" ሊሉበት ይችላሉ። "ስልኬ ውኃ ውስጥ ወደቀ" ብሎ መገላገል ድሮ ቀረ።

የሚመሰገኑበትን ላስቀድም። አሰባሰባቸው ንጹሕ ነው። የሠራተኛውን ስልክ ይዘው አልጠፉም፤ ኮፒውን ወስደው፣ ማን ከማን በስንት ሰዓት እንደተረከበ ቅጽ ሞልተው፣ አስፈርመው መለሱ። ከአዲስ አበባ የመጣውን ዳታ እዚህ ሰርቨር ላይ ከመጫናቸው በፊት እኛው ነን ያስቆምናቸው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ስላለ የአዲስ አበባው ጠበቃችን መጀመሪያ ይዩት አልን። አዋጁን ሰምተውት አያውቁም ነበር፣ ሲነገራቸው ግን አልተከራከሩም። ከዚያ በኋላ ያለው የማሽን ሥራ ነው፤ እሱን ያውቁበታል። እያንዳንዱ ፋይል ሃሽ የሚባል መለያ ይወጣለትና ድግግሞሹ ይወገዳል። አንድ የዋጋ ዝርዝር ለመላው ቢሮ ተልኮ ከሆነ አንዴ ብቻ ታነቡታላችሁ። ሬላቲቪቲ በሚባለው የሰነድ ማንበቢያ ፕሮግራም ላይ ጭነው፣ ኢሜይሉን ከነመልሱ አያይዘው፣ ሲረከብ በየገጹ የሚመታውን ተራ መለያ፣ የቤትስ ቁጥር የሚባለውን፣ አዘጋጅተው ሰጡን። የፕሮጀክቱ ኃላፊ የሆነችው ልጅ ሌሊትም ቢሆን ትመልሳለች። (ደሞዟን እኛው በሰዓት እየከፈልን እንደሆነ በኋላ ነው የገባን፤ ወደ ሒሳቡ እመጣበታለሁ።)

እንግሊዝኛው ሰነድ ላይ ኮምፒዩተሩ ከጠበቃችን ውሳኔ እየተማረ ተፈላጊውን ወደ ላይ የሚያወጣበትን ዘዴ ተጠቀምን። ከ2012 ጀምሮ፣ የኒውዮርኩ ዳኛ አንድሩ ፔክ ከፈቀዱት ወዲህ፣ ፍርድ ቤት የለመደው ነገር ነው። ጥሩ ሠራ፤ ሌላ የምለው የለኝም።

አማርኛው ላይ ስንደርስ ግን ጉድ ፈላ።

የመጀመሪያው ጣጣ የፍለጋ ቃል ነው። ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙበት የቃል ዝርዝር አለ፤ ያ ቃል ያለበት ሰነድ ተለቅሞ ይነበባል። ድርጅቱ የእንግሊዝኛውን ዝርዝር በማሽን አስተርጉሞ አስገባው። አንዱ ቃል "ውል" ነበር። እንግሊዝኛ ላይ የቃሉን ሥር ጽፋችሁ ኮከብ ስታደርጉበት ርቢው ሁሉ ተከትሎ ይመጣል። እነሱም "ውል" ብለው ከፊትም ከኋላም ኮከብ አደረጉ። "በውል" መጣ፣ "የውል" መጣ። "ውሉን"፣ "ውላችን"፣ "ውሎቹ" ግን የውኃ ሽታ ሆኑ። ለምን? ልዋ ሉ፣ ላ፣ ሎ ሆናለች፤ ለእኛ ያው አንድ ቃል ነው፣ ለማሽኑ ግን ሌላ ፊደል ነው። ሰው ደግሞ ኢሜይል ላይ "ውል" ብሎ በደረቁ አይጽፍም፤ "ውሉን ላክልኝ"፣ "ውላችን እኮ እንደዚህ አይልም" ነው የሚለው። በፈንታው ያልጠራነው ጎረፈ። "ትውልድ" ውስጥ ውል አለች። "ሥራ ላይ እንዲውል" ውስጥም አለች፤ የአገር ቤት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያለ "እንዲውል" የሚጻፍ ይመስል! ኃላፊዋ ቁጥሩን ልካልኝ "ብዙ ተገኝቷል" ብላ ደስ ብሏት ነበር። ከፍቼ ሳየው የስብሰባ ጥሪና የበዓል መልካም ምኞት ነው።

ዝርዝሩን እንደ አዲስ ጻፍኩት። እያንዳንዱን ቃል ከነርቢው፦ ውል፣ ውሉ፣ ውላ፣ ውሌ፣ ውሎ (ይቺኛዋ ደግሞ "ውሎ አድሮ"ን ይዛ ትመጣለች፣ እሷን በ"አድሮ" አስወጣናት)። ከዚያ የፊደሉ ዓይነት መጣ። ኃላፊነትን በኃ የሚጽፍ አለ፣ በሃ፣ በሀ፣ በሐ የሚጽፍ አለ፤ አንድ ሰው ራሱ ጠዋት በአንዱ፣ ከሰዓት በሌላው ይጽፈዋል። ሒሳብና ሂሳብ፣ ሥራና ስራ፣ ዓመትና አመትም እንደዚሁ። የድሮ የቅኔ መምህር ቢሆን ተቆጥቶ ያርማችኋል፤ ፍለጋው ግን ዝም ብሎ ያልፋችኋል፣ የቀረውን ደግሞ መቅረቱን አትሰሙም። ገብረማርያምን ስትፈልጉ ገ/ማርያም አይመጣም። በላቲን ፊደል የሚጻፈው አማርኛማ የፈጣሪ ያለህ ነው፤ ለአንድ "ክፍያ" ከስልኮቹ ላይ የለቀምነውን አጻጻፍ ሁሉ አስገባን። ይህን ሥራ ድርጅቱ አልሠራውም፣ እኔ ነኝ የሠራሁት። ለእነሱ ፍትሐዊ ልሁንና ዝርዝሩን ስሰጣቸው በዚያው ቀን አስገብተው፣ አራት ነጥቡንና ነጠላ ሰረዙንም ኢንዴክሱ (ፍለጋው የሚመለከተው የቃላት ማውጫ) እንደ ክፍት ቦታ እንዲያየው አስተካክለዋል።

ቀጥሎ የፎንት ነገር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒዩተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ አቅራቢዎቻችን ግን ከዚያ በፊት በለመዱት ፎንት ከዚያም በኋላ ብዙ ጽፈዋል። ገጹን ስታዩት ፏ ያለ አማርኛ ነው፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ግን የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው። ቋንቋ የሚለየው ማሽን "ያልታወቀ" ብሎ አንድ ፎልደር ውስጥ ወረወረው፣ ማንም ሳያየው ሊቀር ነበር። ፎልደሩን ክፈቱልኝ ብዬ ሳይ የማረጋገጫ ደብዳቤዎቻችን ተኮልኩለዋል። መፍትሔው ገጹን ወደ ምስል ለውጦ በአማርኛ ኦሲአር፣ ማለትም ምስል ላይ ያለውን ጽሑፍ በሚለቅም ፕሮግራም፣ እንደገና ማስነበብ ነው፤ ነጻ የሆነው ቴሰራክት እንኳ አማርኛ ያነባል። ሠሩት፣ አስከፈሉን። "ያልታወቀ" የሚል ፎልደር ካላችሁ በዓይናችሁ እዩት።

ቀን ደግሞ አለ። የተፈላጊው ጊዜ ከ2018 እስከ 2020 ነበር። አንድ ስካን የተደረገ ደረሰኝ ላይ 12/05/2011 ይላል። መዝጋቢያቸው "ዲሴምበር 5 ቀን 2011" ብሎ መዘገበው፣ ማሽኑም ከጊዜው ውጭ ነው ብሎ አስቀረው። ደረሰኙ የጥር 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 20 ቀን 2019፤ የጥምቀት ማግስት። ክርክራችን የቆመበት ክፍያ ነው እኮ! ከዚያ በኋላ ለመዝጋቢዎቹ አንዲት ገጽ መመሪያ ጻፍንላቸው፦ ዓ.ም. የሚል ካያችሁ፣ ወይም ማኅተሙ አማርኛ ከሆነ፣ ቀኑን አትንኩት፣ ወደ እኛ ላኩት። የስብሰባ ሰዓቱንም ጨመርንበት፤ "3 ሰዓት እንገናኝ" ያለውን ሰው ከሰዓት በኋላ ሦስት ላይ ያቀጠሩት ስለነበር።

አንባቢዎቹ ላይ ነው ግን ዋናው ቅሬታዬ። ድርጅቱ "አማርኛ የሚያነቡ ባለሙያዎች አሉን" ብሎ ነው የሸጠልን። የመጀመሪያው የመጣው ልጅ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ አማርኛው ግን የቤት ነው። በኋላ ባቀረብነው አቤቱታ አገር ቤት በሕግ ሥራ ላይ የነበሩ አንድ ሴትዮ መጡ። ልጁ "ይሰጥ" ብሎ ያለፈውን ሲከልሱ ጠሩኝ።

"ይቺን አየሻት ልጄ? 'ጋሼ ደብዳቤውን አሁን እንዳትመልሱ ብለዋል' ትላለች። እኚህ ጋሼ ማን ናቸው?"

"የአዲስ አበባው ጠበቃችን ናቸው እትዬ።"

"እንግዲያው የጠበቃ ምክር አይደለም እንዴ? ማን ነው ይሰጥ ያለው?"

የጠበቃና የደንበኛ ምስጢር የሚለየው ማጣሪያ የጠበቆችን ስምና የኢሜይል አድራሻ ዝርዝር ነበር የያዘው። ቢሮ ውስጥ ግን ማንም ጠበቃውን በስም አይጠራም፣ "ጋሼ" ናቸው። ልጁም የቢሮው ሽማግሌ መስለውት አለፋቸው። "ጋሼ" የሚለውን ማጣሪያው ውስጥ ብናስገባ ደግሞ የመጋዘን ኃላፊውም ጋሼ፣ ዘበኛውም ጋሼ ነው፤ አንድ በአንድ ከመክፈት ሌላ መላ አልነበረውም። በስሕተት የተሰጠ ምስጢር እንዲመለስና መብቱም እንዳይቀር የሚያደርገውን የማስረጃ ደንብ 502(ዲ) ትእዛዝ ጠበቃችን አስቀድሞ ከዳኛው አውጥቶ ስለነበር እንቅልፍ አላጣንም። እናንተም ይህ ትእዛዝ ሳይኖር አንድ ገጽ አታስረክቡ።

አንባቢ ሲመረጥ ሌላም ነገር አለ። የጥቅም ግጭት ቅጻቸው "ከተከራካሪዎቹ ጋር ሠርተህ ታውቃለህ?" ብሎ ይጠይቃል። የሲልቨር ስፕሪንግና የአሌክሳንድሪያ ሐበሻ በዚህ ቅጽ አይያዝም። አብሮ ሳይሠራ አንድ ዕቁብ የሚጥል፣ አንድ ደብር የሚያስቀድስ፣ ልጅ ክርስትና ያነሣለት ሞልቷል። አንዱ ዕጩ ቅጹን "የለም፣ የለም" እያለ ሞልቶ፣ ስለ ዕድር ስጠይቀው ከአከፋፋዩ ጋር የአንድ ዕድር አባል ሆኖ ተገኘ። ሰውየው አልዋሸም፤ የጠየቀው አልነበረም። ጥያቄውን ራሳችሁ ጨምሩበት።

ወደ ሒሳቡ ልምጣ። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በ2012 ባወጣው ጥናት ሰነድ ለማቅረብ ከሚወጣው ወጪ 73 በመቶው ለንባቡ የሚሄድ መሆኑን አሳይቷል፤ የእኛም ደረሰኝ ያንኑ ነው የሚመስለው። ለአማርኛ አንባቢ ከእንግሊዝኛው የበለጠ በሰዓት ይጠይቃሉ፣ ያ ይገባኛል። የሚያበሳጨው ማስቀመጫው ነው፦ በጊጋባይት በየወሩ ሲሆን፣ የሚቆጥሩት እናንተ የሰጣችሁትን ሳይሆን ዚፑ ተፈትቶ፣ ምስሉና ኢንዴክሱ ተጨምሮበት ያበጠውን ነው። ውሉ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ አለ። የፕሮጀክቱ ኃላፊ የእኛን ኢሜይል ያነበበችበትም ተቆጥሯል፣ ያውም ስሕተታቸውን የነገርናቸውን ኢሜይል። የስሕተቱን እርማት ሰዓት ይቀነስልን ብለን ጽፈን የተወሰነው ተቀነሰ፤ ካልጠየቃችሁ አይቀነስም።

ርክክቡ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ለተቃራኒ ወገን የላኩት የመጀመሪያው ዝርዝር ፋይል አማርኛ በማይዝ በቆየ ኢንኮዲንግ (የፊደል አቀማመጥ ኮድ) ወጥቶ አማርኛው ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ደረሰ፤ የዚያኛው ወገን ጠበቃ "ሆን ብላችሁ ነው" ብሎ የሚያስቆጣ ደብዳቤ ጻፈልን። አማርኛውን በሚይዘው በዩቲኤፍ-8 አድርገው ደግመው ላኩ፣ በነጻ። አሁን ጉዳዩ በስምምነት አልቋል፤ ዳታው ግን በየወሩ ያስከፍላልና እንደተፈራረምን ዋናውን በሃርድ ዲስክ አስመልሰን፣ ከሰርቨሩ ያጠፉበትን የምስክር ወረቀት ጠይቀናል። ሃርድ ዲስኩ መጥቷል። ወረቀቱን እየጠበቅን ነው፤ እስኪመጣ የመጨረሻውን ደረሰኝ አልከፈልንም።