«ያው ሳምሰንግ ነው» የተባልኩት ቴሌቪዥን፦ ከጥምቀት እስከ ክረምት

አዳማ ውስጥ በፖስታ ቤት ሠፈርም ሆነ በፍራንኮ ሠፈር በኩል ርካሽ ቴሌቪዥን የሚጠይቅ ሰው ሁለት ነገር ሳይሰማ ከሱቅ አይወጣም። አንደኛው «የመጨረሻ ዋጋ» ነው። ሁለተኛው ደግሞ «እህቴ፣ ይህ እኮ ያው ሳምሰንግ ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የተለየው» የሚለው ነው። እኔም ከጥምቀት በፊት ባለ 43 ኢንቹን ቴሌቪዥኔን በዚሁ ምርቃት ታጅቤ ወደ ቤት ወሰድኩት። ዋጋው ስሙ ከታወቀው ተመሳሳይ መጠን ካለው ቴሌቪዥን ከግማሽ ትንሽ ከፍ የሚል ነበር። ማርካውን አልጠቅስም። ብጠቅሰውም ለማንም አይበጅም፤ ያው ዕቃ በሚቀጥለው ኮንቴይነር ሌላ ስም ተለጥፎበት በጅቡቲ በኩል ሊገባ ይችላል።

ክረምቱ ሲገባ የደረስኩበትን አስቀድሜ ልናገር፦ ሻጩ የነገረኝ ግማሹ እውነት ነው። ቴሌቪዥኑ በእርግጥ በሌላ ስም የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ ዘመዶቹ ግን እንደ እርሱ ርካሽ የሆኑት እንጂ ሳምሰንግ አይደለም።

ከቴሌቪዥን ክፍሎች ሁሉ ውዱ ፓነሉ፣ ማለትም ሥዕሉን የሚያሳየው የስክሪኑ ክፍል ነው። ፓነል የሚያመርቱት ፋብሪካዎች ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከቻይና ቢኦኢ፣ ኤችኬሲና የቲሲኤል እህት ኩባንያ፣ ከታይዋን ኢኖሉክስና ኤዩኦ። ሳምሰንግ የኤልሲዲ ፓነል፣ ማለትም ከኋላው መብራት የሚያበራለትን ዓይነት፣ ማምረቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 አቁሟል። ኤልጂም ጓንግዡ ያለውን ትልቁን የኤልሲዲ ፋብሪካውን ለዚያው ለቲሲኤል እህት ኩባንያ ሸጦ ወጥቷል። ሶኒ ከሳምሰንግ ጋር በጋራ ይዞት የነበረውን የፓነል ኩባንያ ድርሻ የለቀቀው ከሁለቱም ቀድሞ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከሱቁ መስኮት የምናየው የሳምሰንግ ኤልሲዲ ቴሌቪዥን ራሱ ፓነሉ ከሌላ ፋብሪካ የተገዛ ነው። «ውስጡ ሳምሰንግ ነው» የሚለኝ ሻጭ፣ የሳምሰንጉም ውስጥ የሳምሰንግ እንዳልሆነ የሰማ አይመስለኝም።

ስምም ቢሆን እንደ ዕቃ ይከራያል፣ ይሸጣል። በአውሮፓ ፊሊፕስ የሚል ስም የያዘውን ቴሌቪዥን ከ2012 ጀምሮ የሚሠራው ቲፒቪ በተባለ ሌላ የስክሪን አምራች እጅ ያለ ኩባንያ ነው። የቶሺባ የቴሌቪዥን ሥራ በ2018 ወደ ቻይናው ሃይሴንስ ተዛውሯል። ቬስቴል የተባለው የቱርክ ፋብሪካ ደግሞ ለበርካታ የታወቁ ስሞች ቴሌቪዥን ያመርታል። እናም «ርካሹ በሌላ ስም የተሸጠ ነው» ብሎ የሚያላግጥ ሰው ውዱንም አብሮ ማየት አለበት።

ታዲያ ፓነሉ ከአንድ ፋብሪካ ከወጣ ልዩነቱ የት ነው? ፋብሪካው ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ባዶውን የመስታወት ክፍል ብቻ ነው፤ ከኋላው የሚያበራውን መብራት፣ ብርሃኑን የሚበትኑትን ስስ ወረቀቶች፣ የኃይል ሰሌዳውን፣ ሜን ቦርዱን (ዋናውን ሰሌዳ) እና ድምፅ ማጉያውን የሚጨምረው ገጣጣሚው ነው። አንድ ጨርቅ ለሁለት ልብስ ሰፊዎች እንደ መስጠት ነው። በዚያ ላይ ፓነሉ ራሱ በደረጃ ይለያል፤ ነጠብጣብ ወይም ደብዛዛ ቦታ የታየበት በቅናሽ ለርካሽ ገጣጣሚ ይሄዳል።

ይህንን በቤቴ በግልጽ የማየው እግር ኳስ ሲተላለፍ ነው። ካሜራው ሜዳውን ተከትሎ ሲዞር አረንጓዴው ሣር ላይ ቀጥ ያሉ ደብዛዛ ዘንጎች አብረው ይሄዳሉ። ማታ መብራት አጥፍተን ጨለማ የበዛበት ድራማ ስናይ የታችኛው ግራ ጥግ ነጣ ይላል። ቀን ቀን ግን፣ በተለይ የፊት ገጽታና ዜና ሲታይ፣ ቀለሙ ከገመትኩት የተሻለ ነው፤ እንግዳ መጥቶ «ይህ ምን ማርካ ነው?» ሲል በአድናቆት ይሁን በጥርጣሬ መለየት እስኪያቅተኝ ድረስ። ድምፁ ቀጭን ነው፤ የቡና ወሬ ሲደራ ዜናው አይሰማም።

ከሁሉ የወደድኩት የዲሽ መቀበያው አብሮ የተሠራ መሆኑ ነው። የዲሹን ገመድ በቀጥታ ከጀርባው ሰክቼ ኢትዮሳትን በ57 ዲግሪ ምሥራቅ አስፈልጌ ቻናሎቹን በሙሉ አገኘሁ፤ ሌላ ሪሲቨር፣ ሌላ ሪሞት፣ ሌላ ገመድ የለም። በፍላሽ የጫንኩለትንም ፊልም ያለ ችግር ያጫውታል። መተግበሪያዎቹን የሚያስኬደው አንድሮይድ ግን የጎግል ማረጋገጫ የሌለው ስለሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ዩቲዩብ ይከፈታል፣ ይዘገያል፣ ሁለተኛ መተግበሪያ ሲከፈት የመጀመሪያውን ይዘጋዋል። በስልኬ ማየት ስለጀመርኩ ከዚህ በላይ ስለእርሱ የምለው የለኝም።

ብልሽቱ የመጣው በበልግ ነው፤ መብራት በተደጋጋሚ ሄዶ በመጣበት ሰሞን። አንድ ማታ ድምፅ ይሰማል፣ ሥዕል የለም። ዋስትና የሰጠኝ ሱቅ «መብራት ያቃጠለውን አንሸፍንም» ብሎ መለሰኝ። ወደ ሠፈራችን ጠጋኝ ወሰድኩት። ልጁ ምንም ሳይፈታ ቴሌቪዥኑን አበራ፣ የእጅ ባትሪውን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ አግድም አበራበት፣ «እትዬ፣ ጠጋ ብለው ይዩ» አለኝ። ባትሪው ያረፈበት ቦታ ላይ የዜና አንባቢዋ ፊት እንደ ጥላ ይታያል። ሥዕሉ አለ፤ የጠፋው ከኋላው የሚያበራው መብራት ነው። ፓነሉ ጤነኛ መሆኑን በዚያች ቅጽበት አወቅሁ። የተሰበረ ወይም የሞተ ፓነል ቢሆን ኖሮ ልጁ ራሱ «ይሽጡት» ይለኝ ነበር፤ ፓነል መቀየር አዲስ ከመግዛት ብዙም አይርቅምና።

ከዚያ ገለበጠው፣ የጀርባውን ብሎኖች ፈታ። ያን ጊዜ ነው ውስጡን ያየሁት። ሰፊ ባዶ ቆርቆሮ፣ መሐሉ ላይ መዳፍ የምታክል አንዲት አረንጓዴ ሰሌዳ። የኃይል ክፍሉም፣ የዲሽ መቀበያውም፣ አንድሮይዱም እዚያችው ላይ ተጠጋግተዋል። ፓነሉ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ያለው መለያ በኤችቪ430 (HV430) ይጀምራል። «ይህ ቢኦኢ ነው» አለኝ ልጁ፣ «ኤስቲ ብሎ ቢጀምር የቲሲኤል፣ ፒቲ ቢል የኤችኬሲ ነበር።» ቢኦኢ ለትልልቆቹም ስለሚሸጥ ሻጩ በዚህ በኩል አልዋሸም ማለት ነው።

ቀጥሎ ግን ልጁ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ካርቶን ሳበ። ውስጡ ከሞቱ ቴሌቪዥኖች የተነቀሉ ሰሌዳዎች ተደራርበዋል። ሦስቱን አንሥቶ ከእኔው ሰሌዳ ጎን ደረደራቸው። የተነቀሉባቸው ቴሌቪዥኖች ስማቸው የተለያየ ነው፣ አንዱን ስም ሰምቼው አላውቅም፤ ሰሌዳው ላይ የታተመው ቁጥር ግን አንድ ነው። የብሎን ቀዳዳው፣ የኤችዲኤምአይ መሰኪያው ቦታ፣ ሳይቀር አንድ ነው። እነዚህ ሰሌዳዎች ከማንኛውም ፓነል ጋር እንዲሠሩ ተብለው በጅምላ የሚመረቱ ናቸው፤ ገጣጣሚው ለፓነሉ የሚስማማውን ሶፍትዌር ይጭንና ሲበራ የሚታየውን ስም ይቀይራል። ከዚያው ካርቶን አጠገብ የተሰቀለውን የሳምሰንግ ሰሌዳ ሳይ ምኑም ከእኔው ጋር አይገናኝም።

ይህ መጥፎ ዜና ይመስላል፤ ለእኔ ግን የበጀኝ እርሱ ነው። ከፓነሉ ኋላ የሚያበሩት ትናንሽ አምፖሎች የተደረደሩባቸው የኤልኢዲ መስመሮችም እንደዚሁ የጋራ ስለሆኑ ልጁ በማግስቱ ተመሳሳዩን አምጥቶ ገጠመው። አምፖሎቹ በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው አንዷ ስትቃጠል መስመሩ በሙሉ ይጠፋል። አንዷን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ እርሱ ግን «የቀሩትም ተራቸውን እየጠበቁ ናቸው» ብሎ ሁሉንም ቀየረ። የተቃጠለችው ዙሪያዋ ቡናማ ሆኗል። ፋብሪካው የኋላውን መብራት ኃይል በመጨረሻው በ100 አድርጎ ነው የሚልከው፤ ሱቅ ውስጥ ከጎኑ ካለው ደምቆ እንዲታይ። አሁን በ55 ላይ ነው። ቤት ውስጥ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም፣ ሙቀቱ ግን ይቀንሳል፤ አዳማ ላይ ሙቀት መቀነስ ትንሽ ነገር አይደለም። መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ ስታቢላይዘርም አስገብቻለሁ።

ልጁ ሳይጠየቅ የነገረኝ ሌላም አለ። የቴሌቪዥኑ ካርቶን ላይ በትልቁ 4ኬ ተብሎ ተጽፏል፤ 3840 በ2160 ነጥብ ያለው ሥዕል ማለት ነው። ፓነሉ ላይ ከኤችቪ430 ቀጥለው ያሉት ፊደላት ግን ኤፍኤች ናቸው፤ 1920 በ1080 ማለት ነው። ቤት ስመለስ ካርቶኑን አውጥቼ አየሁት፤ ከ4ኬው ሥር በደቃቅ ፊደል «ይቀበላል» የሚል ትርጉም ያለው ቃል አለ። ይቀበላል እንጂ አያሳይም። ከጠቅላላው ነገር ያናደደኝ ይህ ነው። ርካሽ ፓነል በርካሽ ዋጋ መሸጥ ንግድ ነው፤ ይህ ግን ማጭበርበር ነው። ፓነሉን ሳይፈቱ ማጣራት ከፈለጉ በእነዚህ ሰሌዳዎች በብዙዎቹ ላይ በሪሞቱ ሜኑን ተጭኖ 1147 መምታት የፋብሪካውን ገጽ፣ ማለትም ከተጠቃሚው የተሰወረውን የማስተካከያ ገጽ ይከፍታል፤ የፓነሉ ስም እዚያ ይገኛል። ማየት ብቻ ነው ታዲያ፤ የፓነሉን ዓይነት የነካ ሰው ሥዕሉን ሊገለብጠው ወይም ጭራሽ ሊያጠፋው ይችላል።

ጥገናውንና ስታቢላይዘሩን ጨምሬ ሳሰላው እንኳ ስሙ ከታወቀው ቴሌቪዥን በታች ነው ያወጣሁት። በዚሁ ዋጋ ባለ 43 ኢንች ዛሬም እገዛለሁ፤ ሻጩን የምጠይቀው ግን ሳምሰንግ መሆኑን ሳይሆን ሪሞቱን ሰጥቶ የፋብሪካውን ገጽ እንዲያስከፍተኝ ነው። ባለ 55 ኢንች ከዚሁ ወገን አልገዛም። ሣሩ ላይ ያሉት ዘንጎች በስፋቱ ልክ ይጎላሉ፣ የኤልኢዲ መስመሩም ይበዛል፤ ልጁም ያን ያህል ስፋት ያለውን ፓነል ሳይሰብር ለማንሣት ሁለተኛ ሰው እንደሚያስፈልገው ነግሮኛል።