ከደሴ ሆኖ የፓርላማ ተወካይን መከታተል፦ የትኛው መንገድ ያዋጣል?

"የኛ ሰውዬ ፓርላማ ላይ ምን አለ?" የሚለው ጥያቄ ደሴ ፒያሳ ቡና ላይ በቀላሉ ይነሳል፤ መልሱ ግን በአንድ ቦታ ተሰብስቦ አይገኝም። አንድን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ለመከታተል ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ የተናገረው፣ የሰጠው ድምፅ፣ እና እጁ ያለበት ረቂቅ ሕግ። ከሦስቱ ሕጉ በደንብ ይገኛል፤ ንግግሩ በትዕግሥት ይገኛል፤ ድምፁ በስም አይገኝም። ነጥብ ይሰጥ ከተባለ ከአሥር ለሕጉ ስምንት፣ ለንግግሩ አምስት፣ ለድምፁ ሁለት። ሁለቷም የተሰጠችው ስብሰባው ካሜራ ስለሚገባበት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና ሰውየውን ሲለይ ነው። ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ የተመረጠ ሰው አዲስ አበባ ባለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ባሕር ዳር ባለው የክልሉ ምክር ቤት፣ ወይም እዚሁ በከተማው ምክር ቤት ሊቀመጥ ይችላል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ ሌላ ነው፤ ስሙ ስለሚመሳሰል ብቻ ከመጀመሪያው ጋር ይቀላቀላል። የባንክ፣ የጉምሩክ፣ የልዩ ኢኮኖሚ ዞን ጉዳይ የፌዴራል ነው፤ በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል። የክልሉ ሕግ የሚታተመው በዝክረ ሕግ ነው። የሰፈር ኮብልስቶን ጥያቄ ይዞ የፌዴራል ተወካይን ንግግር ሲፈትሹ መዋል ትርፉ ድካም ነው።

ሰውየው ከታወቀ በኋላ ስሙን እስከ አያት ይያዙ። ምክር ቤቱ 547 ወንበር አለው፤ ወሎ ላይ ሰይድና ይማም ስንት እንደሆነ ደግሞ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። አጻጻፉንም በሁሉም ዓይነት ይመዝግቡ። "መሐመድ" በአንዱ ዜና "መሀመድ"፣ በሌላው "ሙሐመድ" ይሆናል። የፍለጋ ሳጥኑ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ አንድ ድምፅ መሆናቸውን ላያውቅ ይችላል። "ጸደቀ" ብሎ ፈልጎ ምንም ያላገኘ ሰው "ፀደቀ" ብሎ ሲሞክር ዜናው ተደርድሮ የሚወጣለት ለዚህ ነው። የምርጫ ክልሉን ስምም ያጣሩ፤ የምርጫ ክልል ወሰን ከአስተዳደር ወሰን ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም።

አሁን ወደ ንግግሩ። የምክር ቤቱ ዓመት በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተከፍቶ ሰኔ 30 ያበቃል፤ መሃል ላይ የአንድ ወር ዕረፍት አለ። መደበኛ ስብሰባ የሚውለው ማክሰኞና ሐሙስ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ መልስ የሚሰጡበትን ቀን አገር ሁሉ ያያል፤ ለተወካይ ክትትል ግን ከሁሉም ያነሰ ጥቅም ያለው ቀን እሱ ነው። ጠያቂዎቹ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኛውን ሰዓት የሚወስደው መልሱ ነው። ሰው የማያየው፣ አንድ መሥሪያ ቤት የዘጠኝ ወር ሪፖርት የሚያቀርብበት ማክሰኞ ይበልጣል። የኮምቦልቻው ተወካይ ስለ ደረቅ ወደቡ ወይም ስለ አዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያ ባቡር ጠየቀ አልጠየቀ የሚለየው እዚያ ላይ ነው።

የስብሰባውን ቪዲዮ በስልክ ለማየት የሚወጣው ዳታ ቀላል አይደለም። በ144 ጥራት በሰዓት ወደ 100 ሜጋባይት፣ በ360 ደግሞ ወደ 300 ሜጋባይት ይሄዳል፤ የአራት ሰዓት ስብሰባ በ360 ማየት ከአንድ ጊጋባይት በላይ ይበላል። ንግግር ለመስማት 144 ይበቃል። ድምፅ የሚሰጥባትን አንድ ደቂቃ ብቻ ወደ 480 ወይም 720 ከፍ አድርጎ ማየት ይሻላል፤ በ144 ላይ እጅ መውጣቱ እንጂ የማን እጅ እንደሆነ አይለይም።

አመዘጋገቡ እንዲህ ቢሆን ይቀላል። አፈ ጉባኤው "የተከበሩ እገሌ" ብለው ዕድል ሲሰጡ ቪዲዮው ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደሆነ ይጻፉ። ቀጥሎ ቀኑ፣ የአጀንዳው ርዕስ፣ የንግግሩ ዓይነት (ጥያቄ፣ ድጋፍ፣ ተቃውሞ፣ ማሻሻያ)፣ በመጨረሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል። ደቂቃ ብቻ መጻፍ አያስተማምንም፤ የቀጥታ ስርጭቱ በኋላ መግቢያው ተቆርጦ ሲጫን ደቂቃው ሁሉ ይንሸራተታል። የአጀንዳው ርዕስ ከተጻፈ ግን ቦታውን መልሶ ማግኘት ይቻላል። ዜና ላይ "አንድ የምክር ቤት አባል እንዳሉት" የሚል ነገር ካለ ከቪዲዮው ጋር ሳይመሳከር መዝገብ ውስጥ አይግባ። "የማነሳው ጥያቄ አለኝ" ብሎ ተነስቶ ንግግሩን በድጋፍ የሚዘጋ አባልም አለ፤ እሱን ጥያቄ ብሎ መመዝገብ ራስን መሸወድ ነው።

ድምፁ ጋ ስንደርስ ነገሩ ይከብዳል። ረቂቁ ለውሳኔ ሲቀርብ አፈ ጉባኤው የሚደግፉትን፣ ከዚያ የሚቃወሙትን፣ በመጨረሻ ድምፀ ተአቅቦ የሚያደርጉትን እጅ ያስወጣሉ። የሚታወጀው ቁጥር ነው፤ ስም አይጠራም። ካሜራው አዳራሹን ጠረግ አድርጎ ያልፋል፤ ተቃዋሚዎቹ የተቀመጡበት ረድፍ ላይ ካልዋለ አለቀ።

"በሙሉ ድምፅ ጸደቀ" የሚለው ዜናም መጠርጠር አለበት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 ምልዓተ ጉባኤ ማለት ከአባላቱ ከግማሽ በላይ መገኘት ነው፤ 547ቱም ወንበር ቢሞላ 274 ሰው ይበቃል ማለት ነው። በአንቀጽ 59 መሠረት ደግሞ ውሳኔ በመደበኛው የሚያልፈው በተገኙትና ድምፅ በሰጡት አባላት አብላጫ ነው። ስለዚህ "ሙሉ ድምፅ" አዳራሹ ውስጥ ስለነበሩት እንጂ ስለ ደሴው ተወካይ ምንም አይናገርም፤ ሰውየው ያን ቀን አልመጣም ይሆናል። ስብሰባው ሲጀመር የሚነገረውን የተገኙ አባላት ቁጥር መመዝገብ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

እዚህ አካባቢ ሁሉም የሚያስታውሰውን ምሳሌ እንውሰድ። የአማራ ክልልን የተመለከተው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በሚኒስትሮች ምክር ቤት የታወጀው ሐምሌ 28 ቀን 2015 ነው። ፓርላማው ዕረፍት ላይ ስለነበር የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ለማጽደቅ የሚሰጠው ጊዜ 15 ቀን ነው፤ ነሐሴ 8 በልዩ ስብሰባ በ16 ተቃውሞና በ12 ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ። ጥር 24 ቀን 2016 ሲራዘም ተቃውሞው 2፣ ድምፀ ተአቅቦው 3 ነበር። ያልደገፉት ከ28 ወደ 5 ወርደዋል። ሐሳባቸውን የቀየሩት እነማን ናቸው? ያልተገኙትስ? የደሴና የኮምቦልቻ ተወካዮች ከየትኛው ወገን ነበሩ? ከቁጥሩ አንዱንም ማወቅ አይቻልም፤ ያለው አማራጭ የሁለቱን ቀን ቪዲዮ ድምፅ የተሰጠበት ላይ እያቆሙ ማየት ነው። ፊቱ በግልጽ ካልታየ መዝገቡ ላይ "አልታወቀም" ተብሎ ይጻፍ። በክርክሩ ላይ አጥብቆ የተቃወመ ሰው ድምፅ ሲሰጥ ተቃወመ ማለት አይደለምና ከንግግሩ ተነስቶ መገመት አያስኬድም።

የውጭዎቹን የተወካይ መከታተያ ድረ ገጾች ያየ ሰው ይህን ሁሉ ሲሰማ ይስቅ ይሆናል። የአሜሪካው ጋቭትራክና የእንግሊዙ ዘይወርክፎርዩ በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመሩ ናቸው፤ የእያንዳንዱን አባል ድምፅ በስም ያሳያሉ፤ የእንግሊዙ ደግሞ አባሉ ሲናገር በኢሜይል ይልካል። ግን እነሱም ጋ ቢሆን በጅምላ "አዎ" ተብሎ የታለፈ ነገር ስም የለውም፤ ስም የሚኖረው በስም ሲቆጠር ብቻ ነው። "ስንት ረቂቅ አቀረበ" የሚለው የአሜሪካው መለኪያ ደግሞ እዚህ አይሠራም። እኛ ጋ ረቂቅ በአብዛኛው የሚመጣው ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ በዚያ ሚዛን ከተለካ ሁሉም ተወካይ ወደ ዜሮ ይጠጋል።

እዚህ የሚያዋጣው ቋሚ ኮሚቴውን መከታተል ነው። ረቂቅ መጀመሪያ ቀርቦ ጥያቄ ከተነሳበት በኋላ "ለዝርዝር እይታ" ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው የሚመለከታቸውን አካላት ጠርቶ ያወያያል፤ ከዚያ ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል፤ ድምፅ የሚሰጠው ያን ቀን ነው። በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ጊዜ ነው ዋናው። ተወካይዎ የየትኛው ኮሚቴ አባል እንደሆነ ማወቅ ግማሹን ሥራ ያቃልላል። ጥር 6 ቀን 2017 የጸደቀውን የንብረት ታክስ አዋጅ ያየው የፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ነው፤ ደሴ ላይ ቤት ያለው ሰው መከታተል የነበረበት እሱን ነበር።

ለውጡን ለማየት ረቂቁንና የጸደቀውን ጎን ለጎን አስቀምጦ አንቀጽ በአንቀጽ ማነጻጸር ነው። ረቂቁ ገና የአዋጅ ቁጥር ስለሌለው በርዕሱ ተፈልጎ ቶሎ ይቀመጥ፤ ካለፈ በኋላ ማግኘት ይከብዳል። አንቀጽ ሲጨመር ወይም ሲወጣ የሌሎቹ ቁጥር ይዛባል፤ ስለዚህ በቁጥር ሳይሆን በአንቀጹ ርዕስ ያመሳክሩ። የትርጓሜውንና የመሸጋገሪያውን ክፍል አይዝለሉ፤ ትልልቅ ለውጥ የሚደበቀው እዚያ ነው።

"ጸደቀ" ሲባል ደግሞ ሥራ ላይ ዋለ ማለት አይደለም። ሕጉ ለፊርማ ለፕሬዚዳንቱ ይቀርባል፤ በ15 ቀን ውስጥ ካልተፈረመ በአንቀጽ 57 መሠረት ያለ ፊርማ ይጸናል። ከዚያ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይታተማል፤ የሚጸናበትን ቀን የመጨረሻው አንቀጽ ይናገራል። ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ነው፤ ሁለቱ ሲጋጩ አማርኛው ይገዛል። ዓመተ ምሕረቱም ያወናብዳል፤ የመረጃ ነፃነት አዋጁ በአማርኛው 590/2000፣ በእንግሊዝኛው 590/2008 ነው። ሁለት አዋጅ አይደሉም፤ በቁጥሩ ብቻ ይፈልጉ። አቢሲኒያ ሎው የተባለው ድረ ገጽ ላይ ብዙዎቹ በፒዲኤፍ አሉ። የቆዩት ግን ወይ ፎቶ ናቸው፣ ወይ በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፉ ናቸው፤ ቃል ሲፈለግ ምንም አይመጣም፣ ሲገለበጥ የማይነበብ ፊደል ይወጣል። እነሱን በዓይን ማንበብ ብቻ ነው።

ቪዲዮው ካልተገኘ ጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። በመረጃ ነፃነት አዋጁ የመንግሥት አካል ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ እምቢ ካለ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ከዚያ ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባላል። ደብዳቤው "ስለ ተወካያችን ያለውን መረጃ ሁሉ" ካለ መልስ ባይመጣ አይገርምም። የስብሰባው ቀን፣ የአጀንዳው ርዕስ፣ የሚፈለገው የቃለ ጉባኤ ክፍል፣ ይኼው ነው፤ አንድ ደብዳቤ ለአንድ ቀን። የተቀበለው ሰው ስም፣ ቀንና የመዝገብ ቁጥር ያለበት ቅጂ እጅ ላይ ይቅር፤ 30ው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

አባላቱ ዕረፍት ላይ ሲሆኑ ወደ መረጣቸው ሕዝብ ይወጣሉ። መድረኩ ላይ ማይክ የሚደርሰው ለጥቂት ሰው ነው፤ ቶሎም ይወሰዳል። "ለምን አትጠይቁልንም?" የሚል ጥያቄ "እንጠይቃለን" በሚል መልስ ይዘጋል። "እገሌ በተባለው ቀን፣ በእገሌ አዋጅ ላይ ድምፅ ሲሰጥ አዳራሽ ውስጥ ነበሩ? እጅዎ የወጣው መቼ ነው?" የሚለውን ግን እንዲያ መዝጋት አይቻልም። መልሱ በስልክ ይቀዳና "አልታወቀም" የተባለው ቦታ ላይ "ራሳቸው እንደተናገሩት" ተብሎ ይሞላል፤ ከቪዲዮ የተገኘ ባለመሆኑ በሌላ ቀለም።