ኮድ ማንበቢያ፦ ትንሿ ብሉቱዝ ወይስ ባለገመዱ?

«ቼክ ኢንጂን (የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት) በራብኝ፣ የቱን ኮድ ማንበቢያ ልግዛ?» የምትሉኝ ወዳጆቼ በዝታችኋል። ኮድ ማንበቢያ ማለት ከመሪው ሥር ያለው የመኪናው ሶኬት ላይ ተሰክቶ፣ ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የጥፋት ኮድ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ የራሱ ስክሪን ያለውን ባለገመዱን ግዙ። ከስልክ ጋር የምትሠራውን ትንሿን ብሉቱዝ፣ በተለይ ርካሿን፣ አልመክርም።

«ዋጋውስ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ነው፣ ባለገመዱ ሁለት ሦስት እጥፍ ሊያስወጣ ይችላል። ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እንሥራው። ብሉቱዟ ብቻዋን ምንም አታሳይም፣ አፕ ትፈልጋለች፤ ብዙው ነፃ አፕ ደግሞ ኮዱን ያሳያችሁና ሌላውን ቆልፎ ክፈሉ ይላል። አይፎን ከያዛችሁ ርካሾቹ ብሉቱዞች አብዛኞቹ ጭራሽ አይገናኙም፣ ስለዚህ ዋይፋይ ያለውን ፍለጋ ትገባላችሁ። የመጀመሪያዋ እምቢ ብላ ሁለተኛ ስትገዙ የባለገመዱን ዋጋ አወጣችሁ ማለት ነው፣ ያውም ያለ ስክሪን።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ቅጂው ነው። የእነዚህ ብሉቱዞች መነሻ ኤልም 327 የሚባል ቺፕ ነው፣ የሠራው ኤልም ኤሌክትሮኒክስ የተባለ የካናዳ ኩባንያ። የመጀመሪያው ስሪት ከመቀዳት የሚከላከል ነገር ስላልነበረው ወዲያው ተቀዳ፣ ከዚያ በኋላ ገበያው በቅጂ ተጥለቀለቀ። «1.5» ተብሎ የሚሸጠውን አይታችሁ ይሆናል፤ ኩባንያው በዚህ ቁጥር ለገበያ ያወጣው ቺፕ የለም። 2.1 የሚባል ስሪት በእርግጥ ወጥቶ ነበር፣ ርካሾቹ ላይ የሚለጠፈው ግን ቁጥሩ ብቻ ነው። አንድ ወዳጄ የገዛውን ፈታሁት። ትንሽዬ ሰሌዳ፣ ቺፕ መሆን በሚገባው ቦታ ላይ ጠብ ያለ ጥቁር ሙጫ፣ ከጎኑ መብራት። መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ስልኩም «ተገናኝቷል» ይላል፣ መኪናው ግን ዝም። በሌላ መኪና ሞከርነው፣ አነበበች። እንዲህ የሚሆነው የቆዩ መኪናዎች መረጃ የሚለዋወጡበት ፕሮቶኮል (የመግባቢያ ቋንቋ) የተለያየ ስለሆነና ቅጂዎቹ የተወሰነውን ስለሚዘሉት ነው።

ባትሪውንም አትርሱ። የሶኬቱ 16ኛ እግር በቀጥታ ከባትሪ ስለሚመጣ ቁልፍ ቢነቀልም ኃይል አለው። ትንሿ ብሉቱዝ ከመሪው ሥር ተሰክታ ትረሳለች፣ መኪናው ብዙ ቀን ከቆመ ባትሪው ሊወርድ ይችላል። ባለገመዱ እግራችሁን ስለሚነካ አይረሳም።

ባለገመዱ ላይ እኔ ከኮዱ እኩል የምወደው መኪናው ራሱን የሚፈትሽበትን የራስ ፍተሻ ዝርዝር ማሳየቱ ነው። ኮድ ሲጠፋ የመኪናው ኮምፒውተር ፍተሻዎቹን ከዜሮ ይጀምራል፤ ያገለገለ መኪና ልትገዙ ሄዳችሁ ብዙዎቹ «አልተጠናቀቀም» ካሉ፣ ሻጩ ኮዱን ቅርብ ጊዜ አጥፍቶት ወይም ባትሪውን ነቅሎት ሊሆን ይችላል፣ ጠይቁት። ጥሩ አፕም ይህን ያሳያል፣ ቅጂው ካልከዳችሁ።

ብሉቱዝ የሚበልጥበት ቦታ አለ፣ እየነዱ የሞተሩን መረጃ በግራፍ ማየት። እሱን ከፈለጋችሁ ግን ታማኙን ግዙ፣ ዋጋው ባለገመዱን ሊያክል ወይም ሊበልጥ ይችላል።

ባለገመዱም ድካም አለበት። ገመዱ ከመሰኪያው ጋር የሚገናኝበት አንገት ላይ ይበጠሳል፣ ግን ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ በቀላሉ ይበይደዋል። ርካሾቹ የሞተሩን ኮድ ብቻ ነው የሚያነቡት፤ የኤቢኤስን (የፍሬን) እና የኤርባግን ኮድ ማንበብ ካስፈለጋችሁ ከፍ ያለውን መግዛት ግድ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አንዳንድ አሮጌ መኪናዎች ደግሞ ሶኬቱ ቢኖራቸውም ከሁለቱም ጋር አይግባቡም።

ኮዱ ሲነበብ ዕቃ ለመግዛት አትሩጡ። ፒ0301 ማለት አንደኛው ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም ማለት ነው፣ ኮይል (ለካንዴላ ኃይል የሚሰጠውን) ቀይሩ ማለት አይደለም። የአንደኛውንና የሁለተኛውን ኮይል አቀያይሩ፣ ኮዱን አጥፉ፣ ንዱ። ፒ0302 ከመጣ ጥፋቱ የኮይሉ ነው፤ ያው ፒ0301 ከተመለሰ ካንዴላውን እዩ።

ከመክፈላችሁ በፊት የራሳችሁ መኪና ላይ ሰክታችሁ፣ ቁልፉን አብርታችሁ አስነብቡት። ሻጩ አይሞከርም ካለ ሌላ ቦታ ሂዱ።