ኒው ሜክሲኮ ሳላ ለማደን ላሰባችሁ፦ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ

ይህ ምስጋና ነው፤ ጥቆማም ነው። ዴንቨርና ዳላስ ያላችሁ አደን ወዳድ ያገሬ ልጆች «ማን ጋር ልሂድ?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ለኤልክ፣ ለትልቁ የአሜሪካ አጋዘን፣ ከሆነ የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። ለሳላ፣ ለዚያ ቀንደ ረጅም የዱር እንስሳ፣ ግን እኔ የምጠቁመው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ለማያውቅ፦ አዎ፣ አሜሪካ ውስጥ ሳላ አለ። የአዋሹ ሳላ ዘመድ የሆነው የካላሃሪው ጌምስቦክ ነው። የኒው ሜክሲኮ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1977 ድረስ ከ90 በላይ የሚሆኑትን ዋይት ሳንድስ የሚሳኤል መሞከሪያ ክልል ውስጥ ለቀቀ። እንደ አፍሪካ አንበሳና ጅብ የሚያሳድዳቸው የለም። ዓመቱን ሙሉ ይወልዳሉ። እናም ሺዎች ሆኑ፤ ከክልሉም አልፈው ወጡ። የሚታደኑትም ቁጥራቸውን ለመቀነስ ነው። የአገር ቤቱ ሳላ ነገር ተቃራኒው ነው። ቁጥሩ አሽቆልቁሎ በዓለም አቀፍ ደረጃ የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው ተርታ ገብቷል፤ የእኔ ጠብመንጃ ወደዚያ አይዞርም።

ወደ ሰውዬው ልምጣ። የዚያው አካባቢ ተወላጅና ፈቃድ ያለው አዳኝ መሪ ነው። ዕድሜው ከስልሳ ስላለፈ እኛ «ጋሼ» ብለነው ቀረን፤ እሱም ለምዶታል። ተኳሽ መሪ ብዙ አለ። ጋሼን የሚለየው ቀንድ ማየት ማወቁ፣ ከዚያም በላይ ማስተማሩ ነው።

የሳላ ቀንድ የሚያስቸግረው ወንዱም ሴቷም ስላላቸው ነው። የሴቷ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ብዙ ጊዜም ትንሽ የተንጋደደ። የወንዱ ሥሩ ወፍራም ሆኖ አጠር ይላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ከቆሙ ችግር የለም። ጭንቁ ብቻውን የቆመ ሲያጋጥም ነው። ያኔ ጋሼ «ቀንዱን ለጊዜው ተወውና አንገቱን እይ» ይላል። የወንዱ አንገትና ትከሻ ደንደን ያለ ነው። ከጎን ከቆመ ደግሞ ከሆዱ ሥር ያለው ነገር ራሱ ይናገራል። ጾታውን ሳያውቅ ስለ ርዝመት አንድ ቃል አይተነፍስም። ምክንያቱም ቀጭን ቀንድ ዓይን ያታልላል፤ እኩል ከሆኑ ሁለት ቀንዶች ቀጭኑ ረጅም መስሎ ይታያል።

ከዚያ ልኬቱ ይመጣል። ሜትር ይዘህ አትጠጋውም፤ ስለዚህ መለኪያህ የራሱ የእንስሳው ፊት ነው። ከቀንዱ ሥር እስከ አፍንጫው ጫፍ ያለውን በዓይንህ ትይዝና ቀንዱ ላይ ትቆጥራለህ። ሁለት ፊት ካልሞላ እለፈው። ሁለት ተኩል ከሆነ ተረጋጋና ደግመህ እይ። ፊት ለፊት ከቆመ ግን አትፍረድ፤ ቀንዱ ወደ ኋላ ዘንበል ያለ ስለሆነ አጥሮ ይታያል። ከጎን ብቻ አይተህም አትፍረድ። ሁለቱ ቀንዶች ተደራርበው አንድ ይመስላሉ፤ የአንዱ ጫፍ ተሰብሮ ቢሆንስ? ጋሼ ሁለቱንም አቅጣጫ ሳያይ ጣታችሁ ወደ ምላጩ አይሄድም። ቀኑን ሙሉ ቢጠበቅም ይጠበቃል።

ጫፉንም ያያል። የወጣቱ ጫፍ ሹል ነው፤ ያረጀው ተፍቆ ደንዟል። እሱ ቢመርጥ የሚመርጠው ያረጀውን ነው፣ ጥቂት ኢንች ቢጎድለውም። ቀትር ላይ ደግሞ ጭራሽ አይገምትም። ሙቀቱ ከመሬት ሲነሳ በስኮፑ (በጠብመንጃው መነጽር) ውስጥ ቀንዱ ይርገበገባል፤ አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል። በዚያ ሰዓት ጋሼ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ይተኛል። ገንዘብ ከፍሎ ለመጣ ሰው ይህ ያበሳጫል፤ ግን ልክ ነው።

ትልልቅ ቀንዶች የሚመዘገቡበት የአዳኞች መዝገብ ውስጥ መግባት ለምትፈልጉ፣ ጋሼ ገና ሳትነሱ «የትኛው መዝገብ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ሮውላንድ ዋርድ የሚባለው መዝገብ የሚያየው ረጅሙን ቀንድ ነው፤ ለጌምስቦክ ዝቅተኛው 40 ኢንች ነው፣ ከአንድ ሜትር ትንሽ ያልፋል። የአዳኞቹ ማኅበር የሳፋሪ ክለብ ኢንተርናሽናል መዝገብ ደግሞ የሁለቱንም ርዝመት ከሥራቸው ዙሪያ ጋር ይደምራል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ቀጭኗ ሴት ትሻላለች፤ ለሁለተኛው ወፍራሙ ወንድም ተስፋ አለው። ይህን ልዩነት ቀድሞ የነገረኝ ሌላ መሪ የለም። ቀንዱ የተሰበረ ሳላ ብቻ የሚያስገድል ፈቃድም አለ። ምን ያህል መጉደል እንዳለበት ደንቡ ስለሚወስን፣ እዚያ ላይ የተሳሳተ ግምት ከሕግ ጋር ያጋጫል። በዚህ በኩል ጋሼን አምናችሁ ተኙ።

የእኔዋ ግዳይ ያረጀች ሴት ነበረች። ከመተኮሴ በፊት «ቀኙ 36 ኢንች አካባቢ፣ ግራው ትንሽ ያንሳል» አለኝ። ሜትሩ ሲዘረጋ ቀኙ 36 ከሩብ፣ ግራው 35 ተኩል ሆነ። ፉከራ ባውቅ ኖሮ የምፎክረው ለሱ ነበር። የወደቀችውን ለማየት ልሮጥ ስል ክንዴን ይዞ አስቆመኝ፤ ሳላ ነፍሱ እስካልወጣች ድረስ በቀንዱ ይወጋል፣ ከፊት ለፊትም አይቀረብም። ከኋላ ዞረን ነው የደረስንባት።

ሥጋውን ለምትጠይቁ፦ ጮማ የለውም፤ ለጥብስ ግን ግሩም ነው፣ ለቋንጣም እንዲሁ። እናቴ በስልክ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ሰኮናውን ነው። ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳልም ስላት ተረጋጋች።

ጉድለቱንም ልናገር። ርካሽ አይደለም። መኪናው አሮጌ ናት፤ አቧራው ውስጥ ድረስ ይገባል። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ያስነሳችኋል፣ ቡናውም የሚጠጣ አይደለም፤ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በመጀመሪያው ቀን ገድዬ ልመለስ የምትሉ ሰዎች ሌላ ሰው ፈልጉ፤ እሱ «አትተኩስ» ማለት አይደክመውም።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አላወጣም፤ ራሱም አይፈልግም። ኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ፈቃዱ በዕጣ ነው። ሚሳኤል ክልሉ ውስጥ ያለው ዋናው አደን በዕድሜ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደርስ ነው፤ ከክልሉ ውጭ ላለው ግን በየዓመቱ ማመልከት ይቻላል፤ እኔም የሄድኩት በዚያኛው ነው። ዕጣው ከወጣላችሁ ቶሎ አሳውቁኝ፤ ቀኖቹ ይሞላሉ። ዕጣ ሳይወጣላችሁ ግን ባትደውሉለት ይሻላል፤ ለሳላ ያለው ትዕግሥት ለስልክ የለውም።