«ብላም!» በትልቁ እትም፦ ኪሊን የበላው መጽሐፍ

የጃፓናዊውን የጹቶሙ ኒሄይን ማንጋ (በሥዕል የሚተረክ የጃፓን መጽሐፍ) «ብላም!»ን በትልቁ የእንግሊዝኛ እትም ከገዛሁ ወራት አለፉ። ስድስቱም ቅጾች ተደርድረዋል። ወረቀቱ ደህና ነው፣ ሽፋኑም አልተላጠም። የሚያናድደኝ መሀሉ ነው።

ኒሄይ አንድ ሥዕል ሁለት ገጽ ላይ ዘርግቶ መሣል ይወዳል። መጽሐፉ ግን ወፍራም ነው፤ በሙጫ ስለተያያዘም ለጥ ብሎ አይከፈትም። ሁለቱ ገጾች የሚገናኙበት ቦታ ሥዕሉን ይውጠዋል። ሌላ ማንጋ ቢሆን ችላ እለው ነበር። ይሄ ሰውዬ ግን የሚሥለው ስፋትን ነው። ታቹ የማይታይ ገደል፣ ጫፉ የጠፋ ግንብ፣ መሀል ላይ አንዲት ትንሽ ጥቁር ነጥብ። ነጥቧ ዋናው ገጸ ባሕርይ ኪሊ ነው። እሱን እጥፋቱ ከበላው ምን ቀረኝ?

ሻጭ ፊቴ ቢቆም «ትልቅ እኮ ነው፣ ሥዕሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል» ይለኛል። አዎ፣ ጠርዙ ቁልጭ ብሏል። ገንዘቤን ለጠርዝ አልከፈልኩም ጌታዬ! «ጫን አድርገህ ክፈተው» ይላል ደግሞ። ጫን ሳደርገው ሙጫው ቀጭ አለ። ከዚያ ወዲህ እንደ አራስ ልጅ ነው የምይዘው።

ኒሄይ በፈረንጆቹ 1971 ፉኩሺማ ውስጥ የተወለደ፣ ሥነ ሕንፃ የተማረ፣ ግንባታ ላይም የሠራ ሰው ነው። ያስታውቅበታል። «ብላም!» ውስጥ ከተማዋ ራሷን ትገነባለች። ግንበኛ ማሽኖቹን «በቃ» የሚላቸው የለም፤ ሰዎች የከተማዋን መረብ ማዘዣ ዘረመል አጥተዋል። ኪሊ ያ ዘረመል ያለው ሰው ፍለጋ ይሄዳል፣ ይሄዳል። አንዱ ባዶ ክፍል ብቻ የጁፒተርን ፕላኔት ያህላል። ንግግር የሚባል ነገር ደግሞ እምብዛም ነው። ብዙ ገጽ ያለ አንዲት ቃል ያልፋል፤ ታሪኩን የሚነግርህ ሥዕሉ ነው። እንግዲህ የሥዕሉ መሀል ሲጎድል የታሪኩ መሀል ጎደለ ማለት አይደል?

«የሲዶኒያ ባላባቶች»ን ብገዛ ኖሮ ይህን ያህል አልናደድም ነበር። በፈረንጆቹ ከ2009 እስከ 2015 የወጣ የኒሄይ ሥራ ነው፤ የጃፓኑን አሳታሚ የኮዳንሻን የማንጋ ሽልማትም አስገኝቶለታል። እዚያ መስመሩ ጠርቷል፣ ገጹ ነጥቷል፣ ሰዎቹም ያወራሉ። ጥሩ ነው፣ አልካድኩም። እኔ ግን የምወደው ያንን የድሮውን ጥቁር ነው፤ ብዕሩ ወረቀቱን የቧጨረው የሚመስለውን።

ስለዚህ ግዙት ልበል? ዛሬ ከጠየቃችሁኝ፣ አልልም። ልሽጠው ወይ? ኧረ እንዴት ተደርጎ! ለጥ ብሎ የሚከፈት እትም ከመጣ ግን ስድስቱንም ድጋሚ እገዛለሁ። ይሄ ነው ይበልጥ የሚያበሽቀኝ።