አሮጌው የብረት ብስክሌቴ በጎንደር ዳገትና ቁልቁለት፦ ከወራት በኋላ

ብስክሌቱ ሰልባጅ ነው። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠራ፣ 26 ኢንች ጎማ ያለው፣ ሾክ የሌለው የብረት ማውንቴን ባይክ። ለረጅም መንገድ አዘጋጅቼው ወራት ሆነኝ። ወደ ጎርጎራ፣ ወደ ማክሰኝት፣ ወደ ደባርቅም ጭኜ ነድቼዋለሁ። «ይሄን ብረት ምን ልታደርገው ነው?» ያሉኝ ነበሩ። እኔ ግን ለጭነት ከዚህ የሚሻል አላየሁም። ብረት ቢሰነጠቅ ጎበዝ በያጅ ያድነዋል። አሉሚኒየም እንዲህ በቀላሉ አይበየድም። የ26 ጎማ ደግሞ ትንሽ ከተማ ውስጥም አይጠፋም።

ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከፍታዋም በብዙ መቶ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የቀየርኩት ማርሹን ነው። ከኋላ ትልቁ 28 ጥርስ ነበር፣ 34 አደረግሁት። ካቴናውም አብሮ መርዘም አለበት። ከነጭነቴ ተቀምጬ ዳገት የምወጣው በዚህ ለውጥ ነው።

የኋላ መጫኛው ግን ብዙ ትኩረት ይፈልጋል። ኮብልስቶንና ጠጠር ቡሎን ያላላሉ። አንድ ቀን አዘዞ ላይ ቆሜ መጫኛውን በእጄ ስነካው ወዲህ ወዲያ አለ። የግራው ቡሎን ግማሽ ድረስ ወጥቷል! ከዚያ ወዲህ ውስጡ ናይለን ባለው ዳዶ ነው የማስረው፤ እስካሁን አልላላም። ቦርሳዎቹን ገበያ ውስጥ ሸራ የሚሰፋ ሰው ሠራልኝ። ጀርባቸው ላይ ስስ ኮምፔንሳቶ አስገባሁ። ያለ እሱ ሸራው ወደ ውስጥ እየጎበጠ የጎማው ሽቦ ውስጥ ይገባል።

ከኮሶዬ ወደ ጎንደር ሲወረድ ፍሬን ነው ወሳኙ። ይዞ መቆየት ቸርኬውን ያግለዋል፤ ያዝ ለቀቅ ማድረግ ይሻላል። ፍሬኑ የሚፋጭ ድምፅ ሲያሰማ ጎማውን ፈትቼ የፍሬን ላስቲኩን አያለሁ። ብርማ የአሉሚኒየም ፍንጣሪ ተሰክቶበት አገኛለሁ፤ በመርፌ እነቅለዋለሁ። ዝም ከተባለ ቸርኬውን እየፋቀ ይጨርሰዋል።

ለካቴና የተቃጠለ የሞተር ዘይት አትቀቡ፣ እባካችሁ። ብረት ብናኝ አለበት፣ አቧራም ይሰበስባል። ንጹሕ ዘይት ጠብ ጠብ አድርጎ ውጭውን በጨርቅ መጥረግ ይበቃል። መለካትም ቀላል ነው። አዲስ ካቴና ላይ ከአንድ ፒን ተነስታችሁ 24 ፒን ወደፊት ብትቆጥሩ ልክ 12 ኢንች ይመጣል። አንድ አስራ ስድስተኛ ኢንች ካለፈ ቀይሩት፤ አለበለዚያ ጥርሱንም ይበላዋል።

ያልወደድኩት የኋላውን አክሰል ነው። በዚህ ዓይነቱ አሮጌ ጎማ በማርሹ በኩል ያለው ኩሽኔታ ከጫፍ ገባ ብሎ ስለሚቀመጥ ጭነት ሲበዛ አክሰሉ ይጎብጣል። የእኔም ጎብጦ አስቀይሬዋለሁ። በዚያው በኩል ሽቦ ቢበጠስ ደግሞ ማርሹ ካልተፈታ አይገባም፤ መፍቻው ለብቻው ነው። እሱንና ልካቸው አንድ የሆኑ ትርፍ ሽቦዎችን ሳልይዝ አልወጣም።

አሁን ኩሽኔታው ወደ ጫፍ የሚጠጋ አዲስ የኋላ ጎማ እያፈላለግሁ ነው። የኋላው ጎማ የሚገባበት የፍሬሙ የውስጥ ስፋት 135 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ብዙዎቹ ይገቡለታል። ሌላውን አልነካውም።